ጎበዝ አጥቂ ነው፣ ግን በሃይማኖት ጉዳይ የሚለጥፈው ነገር ያስጨንቃል። እናንተ ብትሆኑ ታስፈርሙታላችሁ?

መሃል_ሜዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። አንድ አማተር ክለብ ውስጥ የኮሚቴ አባል ነኝ። ሀብታም አይደለንም፣ ግን ቡድናችን ክፉ አይደለም። የጎደለን አጥቂ ነው። ባለፈው የውድድር ዘመን ኳስ ይዘን እንውላለን፣ ጨራሽ ግን የለም። አሁን አንድ ልጅ ተገኝቷል። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ደረጃ በላይ ነው፤ በሁለቱም እግሩ ይመታል፣ ሳጥን ውስጥ አይደናገጥም፣ የሚያውቁት ሰዎች እንደሚሉት ልምምድ ላይም ማንም አይቀድመው። እኛ ጋ መጫወትም ይፈልጋል።

ችግሩ ስልኩ ነው። ልጁ አጥባቂ አማኝ ነው። ይሄ በራሱ ምንም አይደለም፣ እኛ ጋ ሳይጸልይ ሜዳ የሚገባ ተጫዋች ያለም አይመስለኝ። ግን ሶሻል ሚዲያ ላይ የሌላ እምነት ተከታዮች ሁሉ ሲኦል እንደሚወርዱ፣ ከእነሱ ጋር ወዳጅነት መያዝ እንደማያስፈልግ፣ በዓላቸው ላይ "እንኳን አደረሳችሁ" ማለት ራሱ ኃጢአት እንደሆነ ይጽፋል። ስድብ አይጠቀምም፣ የማንንም ስም አይጠራም። ግን በየሳምንቱ ይለጥፋል፣ ተከታዩም ብዙ ነው። ቡድናችን ደግሞ ድብልቅ ነው። አምበላችን ራሱ ልጁ "ይጠፋሉ" ከሚላቸው ወገን ነው።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አሰልጣኙ "እኔ የማስፈርመው እግሩን ነው" ባይ ነው። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ አንድ ሰው ፖስቱን ስክሪንሾት አንስቶ ልጁ የእኛን ማሊያ ከለበሰበት ፎቶ ጋር ቢያወጣው ስፖንሰሩ በማግስቱ ይደውልልናል ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እና ምን ትላላችሁ? እምነቱ የግሉ ነው ብሎ ማለፍ ነው ወይስ ከጅምሩ መተው? "ስፖርትና ሃይማኖት አይቀላቀሉም" የምትሉ ሰዎች እባካችሁ እለፉኝ። ተቀላቅለዋል፤ የምጠይቀው ከተቀላቀሉ በኋላ ምን ይደረግ ነው።

ጨራሹ9፦

ጎል ያገባል? አስፈርሙት። አለቀ።

ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ያምናል፣ ልዩነቱ የሚጽፈውና የማይጽፈው ነው። ሃሪሰን ባትከርን ተመልከቱ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ተጫዋች ነው፣ በአሜሪካ ፉትቦል ኳሷን በእግሩ የሚመታው ሰውዬ። በግንቦት 2024 አንድ የካቶሊክ ኮሌጅ ምረቃ ላይ ተገኝቶ ስለ ሴቶች፣ ስለ ትዳርና ስለ ግብረ ሰዶማውያን የተናገረው ነገር አገር አተራመሰ። ይባረር የሚል ፊርማ ተሰበሰበ። ሊጉ "የግል አስተያየቱ ነው፣ የእኛ አቋም አይደለም" አለና አለፈ። ክለቡስ? ወራት ሳይቆይ በነሐሴ ላይ ለ4 ዓመት 25.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ማራዘሚያ አስፈረመው፣ በእሱ ቦታ ከሚጫወቱት ሁሉ ከፍተኛ ተከፋይ ሆነ። ማሊያውም ተቸበቸበ። ጩኸት ያልፋል፣ ጎል ይቀራል።

ሰብለ_ስፖርት፦

ጨራሹ፣ የተመቸህን አንድ ታሪክ ብቻ አትምዘዝ እንጂ። ኢዝሬል ፎላውንም ጨምርልን።

ፎላው ለአውስትራሊያ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን 73 ጨዋታ ተሰልፎ 37 ትራይ (የራግቢ ጎል በሉት) ያስቆጠረ ሰው ነው። ከዘመኑ ምርጦች አንዱ ማለት ነው። በ2018 አንድ ሰው ኢንስታግራም ላይ ጠይቆት ግብረ ሰዶማውያን ንስሐ ካልገቡ ሲኦል ነው የሚጠብቃቸው ብሎ መለሰ። ሰው ተቆጣ፣ ራግቢ አውስትራሊያ ጠርቶ አነጋገረው። እሱም አቋሙን አልደበቀም፤ የማምነው ይሄ ነው አለ። እንግዲህ እዚህ ጋ ልብ በሉ። ይሄን ሁሉ እያወቁ እስከ 2022 የሚያቆየውን፣ 4 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ የተባለለትን ውል አስፈረሙት። ከዚያ በሚያዝያ 2019 ሰካራሞችን፣ ግብረ ሰዶማውያንን፣ አመንዝሮችን፣ ውሸታሞችን፣ ሌቦችን፣ እግዚአብሔር የለም ባዮችን፣ ጣዖት አምላኪዎችን ሁሉ በአንድ ዝርዝር አስቀምጦ "ሲኦል ይጠብቃችኋል" የሚል ምስል ለጠፈ። ዋናው ስፖንሰር ኳንታስ አየር መንገድ አዝኛለሁ አለ። በግንቦት ውሉ ተቀደደ፣ ያውም የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ወራት ሲቀሩ። እሱም ከሰሰ። የክርስቲያኖች ማህበር ለጠበቃው የሚሆን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበለት። በታህሳስ ላይ ተስማሙ፣ ሁለቱም ወገን ይቅርታ ተባባለ፣ የተከፈለው ገንዘብ ምስጢር ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ማን አተረፈ? ቡድኑ ተጫዋቹን አጣ፣ እሱ ብሔራዊ ማሊያውን አጣ፣ ጽሑፉ የጎዳቸው ሰዎች ጉዳታቸው አልተመለሰ፣ አማኞቹ ደግሞ ተገፋን አሉ። እኔን የሚያናድደኝ የፎላው እምነት አይደለም። የሚያናድደኝ ሰውየው ማን እንደሆነ በግልጽ ነግሯቸው እያለ ትራይ ስለሚያስቆጥር ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ማስፈረማቸው ነው።

በጥር 2020 የፈረንሳዩ የራግቢ ቡድን ካታላንስ ድራጎንስ ወሰደው። ቢያንስ እነሱ እንዲህ ያለ ነገር ከደገመ ውሉ ወዲያው እንደሚፈርስ ቀድመው ተናገሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈበት ጨዋታ ትራይ አስቆጠረ፣ ጨራሹ ደስ ይበልህ። ግን ውዝግቡ አብሮት ነው የሄደው። የእንግሊዙ ዊጋን ከእነሱ ጋር በሜዳው የሚያደርገውን ጨዋታ የቀስተ ደመና ቀን፣ ማለትም ለግብረ ሰዶማውያን ድጋፍ የሚታይበት ቀን አደርገዋለሁ ብሎ አወጀ። በ2021 ደግሞ የአውስትራሊያው የራግቢ ክለብ ሴንት ጆርጅ ኢላዋራ ሊያስፈርመው ጠየቀ፣ ደጋፊው ሲጮህበት በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። ይሄኛውን ነው የምጠላው። ያመንክበትን ሰው አስፈርም፣ ያላመንክበትን አትንካው፤ ስሙን አደባባይ ላይ አውጥቶ ጩኸት ሲሰማ መልሶ መደበቅ ግን ምን የሚሉት ነው?

አማኝ_ደጋፊ፦

እኔ በግልጽ ልናገር። የእምነቴ መጽሐፍም ስለ ሲኦል ይናገራል። የአብዛኛው ሰው እምነት መጽሐፍ ይናገራል። ልጁ አዲስ ነገር አልፈጠረም፣ ሌላው በልቡ የያዘውን እሱ ጮክ ብሎ አለው። አሁን እናንተ የምትሉት "እመን፣ ግን ዝም በል" ነው። ይሄ ለአማኝ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ መመስከርን እንደ ግዴታ የሚቆጥር ሰው አለ።

ፎላው ሲባረር የቡድን አጋሩ ታኒየላ ቱፑ ምን ብሎ እንደጻፈ ታስታውሳላችሁ? እንዲህ ከሆነማ እኔንም፣ የፓስፊክ ደሴቶች ራግቢ ተጫዋቾችን ሁሉ አባሩን፣ እምነታችን አንድ ነው ነው ያለው። አንድ ሰው ቀጣን ስትሉ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው "ቀጣዩ እኔ ነኝ" ብሎ እንደሚያስብ አትቆጥሩም።

ክለቦች ደግሞ ሁልጊዜ በግልጽ አያባርሩም። ማህሙድ አብዱልራዑፍ በ1996 ለአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ቡድን ዴንቨር ነጌትስ ሲጫወት የአሜሪካ መዝሙር ሲዘመር መቆም ከእስልምና እምነቱ ጋር እንደማይሄድ ተናገረ፣ ባንዲራውም የጭቆና ምልክት ነው አለ። ሊጉ ኤንቢኤ አንድ ጨዋታ አገደው። ከዚያ ተስማሙ፣ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ እንዲጸልይ። ተመለሰ፣ ጸለየ። በዚያው ክረምት ክለቡ ሸጠው። የቡድኑ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ነበር እኮ! ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ሊጉ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ዛሬ ዞር ብለው ሲያዩት ብዙዎች ጀግና ይሉታል። ስለዚህ "አወዛጋቢ" የሚለው ቃል በየዘመኑ የሚቀያየር ነገር መሆኑንም አትርሱ።

ተከላካይ_ነበርኩ፦

ብዙ ዓመት ተጫውቻለሁ፣ ትልቅ ደረጃ ላይ ባይሆንም። ከውጭ ያለ ሰው ስለ መልበሻ ክፍል የሚያስበው ነገር ትንሽ ያስቀኛል። እዚያ ውስጥ ማን ምን ያምናል ብሎ የሚጨነቅ ሰው የለም። በአንድ ጥግ አንዱ ያማትባል፣ በሌላው ጥግ ሌላው ይሰግዳል፣ መሃል ላይ ሙዚቃ የሚከፍት አለ። የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ስትወድቅ እጁን ዘርግቶ ያነሳሃል? ጎል ስታገባ ሮጦ ይመጣል? ስትሳሳት ፊት ለፊት ነው የሚነግርህ ወይስ ለአሰልጣኙ?

በጣም አክራሪ የሚባል የቡድን አጋር ነበረኝ። ከእሱ እምነት ውጭ የሆነውን ሁሉ ጠፍቷል ብሎ ያምናል፣ አይደብቅም። ግን ጉልበቴን ስጎዳ በየቀኑ ይጠይቀኝ የነበረው እሱ ነው። ሌላ ደግሞ አንድም ቀን ስለ ሃይማኖት ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ፣ ግን ከአንዳንዶቻችን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንዳይመደብ ለቡድን መሪው በድብቅ የሚናገር ነበር። ቡድኑን ያፈረሰው ሁለተኛው ነው። ፖስት ብቻ እያየ ሰው የሚመርጥ ክለብ ሁለተኛውን ያስፈርምና የመጀመሪያውን ይተዋል።

ሌላው፣ ክለቦችም ንጹህ አይደሉም። በ2022 የአውስትራሊያው የራግቢ ክለብ ማንሊ ተጫዋቾቹን ሳያማክር የቀስተ ደመና ቀለም ያለበት ማሊያ አዘጋጀ። 7 ተጫዋቾች እምነታችን አይፈቅድም ብለው ከጨዋታው ቀሩ። ቡድኑ በሲድኒ ሩስተርስ 20 ለ 10 ተሸነፈ፣ አሰልጣኙም አያያዛችን ጥሩ አልነበረም ብሎ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። አስቡት፣ ከእነዚያ 7 ልጆች ጋር ቀድሞ ቁጭ ብሎ ያወራ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ።

ጋሽ_ዳኛ፦

ልጆች፣ እኔ ፊሽካ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ሁለት ነገር ስታቀላቅሉ አየሁና ነው የምጽፈው።

"እኔ ይሄን አላደርግም" የሚል ተጫዋች አለ። "አንተ እንዲህ ነህ" የሚል ተጫዋችም አለ። አንድ አይደሉም።

ኤሪክ ሊድል በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሁድ ስለዋለ አልሮጥም አለ። አገር ተቆጣበት። 400 ሜትር ገብቶ በ47.6 ሰከንድ ወርቅ ወሰደ። ሃሺም አምላ ለደቡብ አፍሪካ ክሪኬት ሲጫወት የቢራ ስፖንሰሩን አርማ ማሊያው ላይ አላደርግም አለ፣ ተፈቀደለት፣ ዓመታትን በሰላም ተጫወተ። የኒውዚላንዱ የራግቢ ተጫዋች ሶኒ ቢል ዊሊያምስ በ2017 የባንክ አርማ ሸፈነ፣ ወለድ ከእምነቱ ጋር ስለማይሄድ፤ እሱም ተፈቀደለት። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ጎናቸው ያለውን ሰው አልነኩም። እንዲህ ያለውን ተጫዋች ለማስፈረም የሚያንገራግር ክለብ እኔ አይገባኝም፤ ማሊያው ላይ ትንሽ ጨርቅ ለማንሳት ነው ይሄ ሁሉ?

መሃል ላይ የሚወድቅም አለ፣ አልክድም። በፈረንሳይ ሊግ በ2022 የፒኤስጂው ኢድሪሳ ጌዬ ተጫዋቾች የቀስተ ደመና ቀለም ያለበት ቁጥር ለብሰው በገቡበት ጨዋታ አልተሰለፈም። ዝም ብሎ ቀረ፣ ያም ሆኖ ማብራሪያ ተጠየቀ። በ2024 የሞናኮው መሐመድ ካማራ ግን ገብቶ ተጫወተ፣ ማሊያው ላይ ያለውን የግብረ ሰዶማውያን ጥላቻን የሚቃወም አርማ በፕላስተር ሸፍኖ፣ 4 ጨዋታ ተቀጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ የክሪስታል ፓላሱ አምበል ማርክ ጉሂ የቀስተ ደመናውን የክንድ ማሰሪያ አሰረና ላዩ ላይ "ኢየሱስን እወደዋለሁ" ብሎ ጻፈበት። ሃይማኖታዊ መልዕክት በትጥቅ ላይ በሕጉ ክልክል ነው፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ግን ሕጉን አስታውሶት ተወው። እኔ ዳኛ ብሆን? ጉሂን አልፈዋለሁ። ካማራ ላይ ሁለት ቀን አስባለሁ።

የመሃል_ሜዳ ልጅ ግን ጨርቅ ሸፍኖ አይደለም ጭንቀት የፈጠረው። ከሌላ እምነት ሰው ጋር ወዳጅነት አያስፈልግም ነው የሚለው። እግር ኳስ ደግሞ አስር ወዳጅ ይፈልጋል።

ጨራሹ9፦

ጋሽዬ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አስር ወዳጅ ሳይሆን አስር አቀባይ ነው የሚፈልገው። የማይነጋገሩ ተጫዋቾች ዋንጫ ሲያነሱ በዓይናችን አይተናል።

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ካይሪ ኧርቪንግ በ2022 ጸረ አይሁድ ይዘት ያለው ፊልም ሊንክ ለጠፈ፣ ብሩክሊን ኔትስ አገደው፣ 8 ጨዋታ ቀረ፣ ናይኪም ተለየው። በየካቲት 2023 ዳላስ ወሰደው፣ በ2024 ለፍጻሜ ደረሱ። አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳዋል። እናንተ ስታመነቱ ልጁ ሌላ ክለብ ሄዶ በእናንተው ላይ ያገባል፣ ያኔ ሥነ ምግባራችሁን ታቅፋችሁ ቁጭ ነው።

ሰብለ_ስፖርት፦

ኧርቪንግማ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። እገዳው የመጣው በእምነቱ ሳይሆን ሰዎች "ይሄ ነገር ይጎዳናል፣ ከጥላቻው ጋር ነህ ወይስ አይደለህም?" ሲሉት ቀጥታ መልስ አልሰጥም ስላለ ነው። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ዳላስም ምን እንደሚወስድ አውቆ ነው የወሰደው። አማኝ_ደጋፊ፣ ያንተ ነጥብ ከባድ ነው፣ አልዘለውም። አንድ ሰው ስለ ሲኦል ማመኑ እና ማስተማሩ መብቱ ነው። ግን ክለብ ማሊያ ሲያለብሰው አፉንም አብሮ ያበድረዋል። የእንግሊዝ አሰልጣኝ የነበረው ግሌን ሆድል በ1999 አካል ጉዳተኞች ባለፈ ሕይወታቸው የሠሩትን ነው የሚከፍሉት የሚል ነገር ለጋዜጣ ተናግሮ በቀናት ውስጥ ሥራውን አጣ። እምነቱ ነበር፣ ከልቡ ነበር። ግን ያንን ቡድን በዊልቸር መጥቶ የሚደግፍ ሰው አለ። እሱን ምን ትለዋለህ?

ውል_አንባቢ፦

አንድ ነገር ብቻ። ቃለ ጉባኤ ላይ "እምነቱ ስለማይመቸን ተውነው" ብላችሁ እንዳትጽፉ። በብዙ አገር ሕግ ይሄ መድልዎ ነው፤ የብሪታንያው የ2010 የእኩልነት ሕግም ሆነ የአሜሪካው የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ቀጣሪ በሃይማኖት ምክንያት ሰው እንዳይገፋ ይከለክላሉ። የምትገዙት ባህሪውን ነው። ለሁሉም ተጫዋች አንድ ዓይነት የሆነ፣ ለእሱ ብቻ ያልተሰፋ ደንብ አውጡ፦ በክለቡ ማሊያ፣ አርማ ወይም ስም ሌላውን ወገን የሚነካ ነገር አይለጠፍ፤ የቡድን አጋርን በእምነቱ ማግለል ያስቀጣል። ምን ሲደረግ ምን እንደሚከተል በግልጽ ይጻፍ። "የክለቡን ክብር የሚነካ ተግባር" የሚል ድፍን ሐረግ ጽፋችሁ በኋላ እንደፈለጋችሁ ልትተረጉሙት ካሰባችሁ ግን ክርክር እየጠራችሁ ነው።

መሃል_ሜዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ዳኛ በተለይ እርስዎን። ትናንት ማታ አምበላችንን ጠየቅኩት። ፖስቶቹን ቀድሞ አይቷቸዋል፣ ሁሉንም። ምን አለኝ መሰላችሁ፦ "እኔ ሲኦል ብገባ ባልገባ የራሴ ጉዳይ ነው፣ ኳሷን ግን በሰዓቱ ያቀብለኝ። ደሞ ማሊያችንን ለብሶ እንዲህ ያለ ነገር ሲለጥፍ ካየሁ እኔ ነኝ የምወጣው።" ቀልድም ቁም ነገርም ነው።

ውል_አንባቢ ያልከውን ደንብ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ፣ ለሁሉም ተጫዋች።

ተከላካይ_ነበርኩ፦

ልጁን ራሱን አናገራችሁት?

መሃል_ሜዳ፦

እስካሁን በወንድሙ በኩል ነው የምንነጋገረው። ኮሚቴው ከወሰነ በኋላ ነበር ያሰብነው።

ተከላካይ_ነበርኩ፦

ተገላቢጦሽ ነው ወንድሜ። መጀመሪያ አናግሩት፣ አምበሉ ባለበት። ስለ እምነቱ አትጠይቁት፣ ፈተና አታስመስሉት። ደንቡን ስጡትና ያንብበው። "ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ክፍል ታድራለህ፣ ከእሱ ኳስ ትቀበላለህ፣ ሲጎዳ ትጠይቀዋለህ፣ ይሆንልሃል?" በሉት። አይሆንም ካለ ራሱ መልሱን ሰጣችሁ። ይሆናል ካለ ደግሞ የሁለት ሳምንት ልምምድ አብሯችሁ ይሥራና ውሉ ከዚያ በኋላ ይፈረም።

አማኝ_ደጋፊ፦

በዚህስ እስማማለሁ። ብቻ ከፖስቶቹ ውስጥ የድሮዎቹን አጥፋ እንዳትሉት። ያመነበትን እንዲክድ የጠየቃችሁት ይመስለዋል፣ እውነትም ይሆናል።

ሰብለ_ስፖርት፦

የድሮውን ይተውለት፣ ግን ገንዘብ ያዣችሁ ለስፖንሰሩ አሁኑኑ ቀድማ ትንገር። ከስክሪንሾት ከሚሰሙት ከእናንተ ይስሙት።

ጨራሹ9፦

የሁለት ሳምንት ልምምድ? በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ክለብ ያስፈርመዋል ብዬ ነግሬያችኋለሁ። ቢያንስ ስልክ ቁጥሩን ያዙ።